በር ዘግቶ ጋዝ መለኮስ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆኗል። በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ከሚገኙ ሻይ ቤቶች በአንዱ ጓዳ ባለቤቲቱ ክብሪት ይዘው ከጋዝ ምድጃቸው ፊት ቆመዋል። መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ሻዩ መፍላት፣ ፍርፍሩም መድረስ አለበት። ቆርቆሮው ላይ አመዳይ አድሯል፤ ደጅ በባልዲ ያደረው ውኃ ስስ በረዶ ለብሷል። በሩ ተቀርቅሯል። የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጣሪያውና ግድግዳው የሚጋጠሙበት ክፍተት በማዳበሪያ ታፍኗል። ሲሊንደሩ እዚያው ምድጃው ሥር ከሽንኩርቱ ከረጢት ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ በሩን ገርበብ ላድርገው?» ትላለች ልጃቸው ዓይኗን እያሸች።

«ተይ ልጄ፣ ይህን ብርድ ማን ይችለዋል!»

እሳቱ ተያያዘ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ጫፉ ቢጫ ነው፤ የማንቆርቆሪያው ቂጥም ጥላሸት ለብሷል። ብዙም ሳይቆይ እናትየዋ ግንባራቸውን በሻሽ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ራስ ምታቱን ያመጣው የእንቅልፍ ማጣትና ቡና አለመቅመስ ይመስላቸዋል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስለ ጋዝ ምድጃ ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው የሲሊንደር ፍንዳታን ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ እመጣበታለሁ። ነገር ግን እዚህ አገር ከፍንዳታው ይልቅ ዕለት ዕለት ከሰው ጋር የሚያድረው አደጋ ያ የተቀረቀረ በር ነው። ብርዱ ቤት ያዘጋል፤ ከፍታው እሳቱን አየር ያሳጣዋል። ሁለቱ ሲገናኙ በሌላ ሥፍራ ደህና የነበረ ምድጃ እዚህ ሰው የሚጎዳ ይሆናል።

ይህን የምለው ሰውን ከጋዝ ለማስሸሽ አይደለም። መንዝ ማገዶ የቸገረው አገር ነው። ደኑ ከደጋው ከራቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው በየደጁ የተተከለ ባሕር ዛፍና ከበረት የሚዛቅ እበት ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ምድጃ ውስጥ የገባ ኩበት ሁሉ ከገብስ ማሳው የተወሰደ ማዳበሪያ ነው። ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቀው ጓሳም ታሪኩ ያው ነው። አባቶች በቄሮ ሥርዓት ሣሩንና ቁጥቋጦውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ መልሶ አቋቁሞት ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ እንደሆነ አለ። አንድ ቤት ከኩበትና ከጭራሮ ወደ ጋዝ ሲዞር ለማሳውም ለጓሳውም ፋታ ይሰጣል።

ለሴቲቱ ሳንባ ደግሞ ከሁሉም በላይ ፋታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞተዋል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። በመንዝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ያደገች ልጅ ዓይኗ ለምን እንደሚያለቅስ፣ ደረቷ ለምን እንደሚከረከር ታውቀዋለች። ስለዚህ ጋዝ ይግባ። ሲገባ ግን አጠቃቀሙም አብሮት ይግባ።

ከፍታው በእሳቱ ላይ የሚያደርገው

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 ያህሉ ብቻ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ነበልባል ዙሪያ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ አንሷል። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የባቄላ ንፍሮው አልበስል፣ ምስሩ አልለሰልስ የሚለው ለዚህ ነው። ውኃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም።

ይህ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወጡ ዘግይቶ ከበሰለ ምድጃው ለረጅም ሰዓት ይነድዳል፤ ረጅም ሰዓት ሲነድድ በተዘጋው ቤት ውስጥ ያለውን አየር አብዝቶ ይበላል። ስንት ይበላል? 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ በሚገባ ለመቃጠል ከ15 ኪሎ የማያንስ አየር ይፈልጋል። በመሐል ሜዳ ቀጭን አየር ይህ 18 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ጓዳ ጠቅላላ የሚይዘው አየር ያንኑ ያህል ነው። ባለ ሁለት ራስ ምድጃ ሁለቱም ራሱ ሲነድድ 1 ኪሎ ጋዝ በሦስት ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ በሩ ታሽጎ ለእንግዳ የሚሆን ድግስ የሚያበስል ቤት በዚያ ጓዳ ያለውን አየር ሁሉ ለእሳቱ ይገብራል። እሳቱ ግን አየሩ እስኪያልቅ ድረስ ደህና ሆኖ አይቆይም። ገና ኦክስጅኑ መቀነስ ሲጀምር መርዝ ያወጣል።

ያ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይን አያስለቅስም። የኩበት ጭስ ቢያንስ ያስነጥሳል፣ ያስወጣል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ይገባል። ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ ከሚዞረው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። መጀመሪያ ራስ ይመታል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል፣ እንቅልፍ ይጫጫናል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ተነስቶ በሩን ለመክፈት አቅም ያጣል። አየሩ በሳሳበት ደጋ የሰው ደም ከመጀመሪያውም የሚያገኘው ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ፈጥኖ ይጠናል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመምተኛና አረጋዊ ቀድመው ይወድቃሉ።

አገሬው ይህን መርዝ በከሰል በኩል ያውቀዋል። ለብርድ ብሎ ከሰል አያይዞ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም፤ በአዲስ አበባም የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የጋዝ ምድጃም አየር ካጣ ያንኑ መርዝ እንደሚያወጣ ነው። «ጋዝ ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል የሚሠራው ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ቤቱም የሚተነፍስ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጓዳው ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፤ አንዱ ከጣሪያው ሥር፣ ሌላው ከወለሉ አጠገብ፣ እያንዳንዱ ሁለት መዳፍ የሚያክል፣ ሁለቱም ወደ ደጅ የሚወጡ። የላይኛው ትኩሱን ጭስ ያስወጣል። የታችኛው አየር ያስገባል፤ ጋዝ ቢያፈስም መውጫ ይሆነዋል። አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን እንጂ በጨርቅ አይወተፍ። ብርዱን የምንከላከልበት ሌላ ብዙ ነገር አለን። መንዝ የባና አገር ነው፤ በጎቹም ሸማኔዎቹም እዚሁ ናቸው። ጋቢ፣ ባና፣ በርኖስ ለሰው ይደረብ። የጋዝ ምድጃን ቤት ለማሞቅ ብሎ ለኩሶ መተው ግን በየትኛውም ሌሊት፣ የቱንም ያህል ውርጭ ቢወርድ፣ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

ከፍታው ሌላም ፈተና ያመጣል። ለቆላ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ደጋ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሰው ይህን ሲያይ «ጋዙ ደከመ» ይልና ጅግለሯን፣ ማለትም ጋዙ የሚረጭባትን ጠባብ የነሐስ ቀዳዳ፣ በሽቦ ወይም በመርፌ ለማስፋት ይቃጣዋል። ይህ መደረግ ከሚገባው ፍጹም ተቃራኒ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጋዙም አብሮት መቀነስ አለበት እንጂ መጨመር የለበትም። በአሜሪካ ለጋዝ ዕቃዎች የቆየ ደንብ አለ፤ ቦታው ከ2,000 ጫማ፣ ማለትም ከ600 ሜትር ገደማ፣ ከበለጠ ለየ1,000 ጫማው የጋዙ መጠን ከመቶ 4 ያህል እንዲቀነስ ያዝዛል። የእኛ ደጋ ደግሞ 10,000 ጫማ ነው። ለከፍታ የሚሆን ጠበብ ያለ ጅግለር የሚገጥመው ባለሙያ ነው። ቤተሰቡ ማድረግ ያለበት ያለውን ጅግለር አለማስፋት፣ ወጡም ቀስ ብሎ ይብሰል ብሎ መታገሥ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከማታው ቢዘፈዘፍ፣ ድስቱ ክዳን ቢኖረው፣ የቻለም የግፊት ድስት ቢገዛ ሰዓቱም ጋዙም ይቆጠባል። የግፊት ድስት የያዘ ሰው የእንፋሎት መውጫው በምግብ ፍርፋሪ አለመደፈኑን ሁልጊዜ ከመክደኑ በፊት አሻቅቦ በብርሃን ይየው።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር ልጨምር። የሸክላ ምጣድ ለወጥ በተሠራ የጋዝ ምድጃ ላይ አይጣድም። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ነበልባሉን ከላይ ይደፍነዋል፤ ትኩሱ አየር መውጫ፣ ንጹሑም መግቢያ ያጣል፤ ሙቀቱ ወደ ታች ተመልሶ መክፈቻዎቹንና ጎማውን ያግላል። እንጀራ የራሱ ምድጃ ይፈልጋል፤ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ይሁን የኤሌክትሪክ ምጣድ።

ሲሊንደሩ

በአገራችን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው። ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋውም አቅርቦቱም ሰላም የለውም። በ1960ዎቹ በኦጋዴን ካሉብ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ሌላ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ሚቴን ስለሆነ በዚህ ምድጃና በዚህ ሬጉሌተር በወጉ አይነድድም። ልዩነቱን ማወቅ ለጥንቃቄም ይጠቅማል። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ግን ከአየር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለል ይወርዳል፤ በመሬት ላይ ይሳባል፤ ጎድጓዳ ቦታ፣ አልጋ ሥር፣ ከደረጃ በታች ይጠራቀማል። ከአየሩ ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆን ክብሪት ይበቃዋል። ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ አንድ ሊትሩ ሲወጣ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ሳትታይ የፈሰሰች ጥቂት ጋዝ ቤት የምትሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስለው ክርፋት ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ሆኖም አፍንጫ ለረጅም ጊዜ ካሸተተ ይለምዳል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ፣ በዚህ ብርድ ማንን ያልያዘው አለ፣ ጨርሶ ላያሸትት ይችላል። ስለዚህ አፍንጫን ብቻ ማመን አይበቃም። በሳሙና ወይም በኦሞ የተበጠበጠ ውኃ በጨርቅ ነክሮ ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩን የሚነክስበትን ቦታ፣ የጎማውን ሁለት ጫፍና ጎማውን ሙሉ መቀባት ነው። አረፋ እያበጠ ከፈነዳ ያፈሳል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይህን ማድረግ ቡና ከማፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። በክብሪት መፈተሽ ግን ሞትን መጥራት ነው፤ «እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምሞክረው» የሚል ጎረቤት ቢኖር እንኳ አይሰማ።

የመንዝ ሌሊት ለሲሊንደርም ይከብዳል። ቡቴን በባሕር ጠለል ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ሲሊንደሩ ሲሠራበት ቀድሞ የሚያልቀው ፕሮፔኑ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ የሚቀረው ቡቴን ይበዛበታል። ለዚህ ነው ሊያልቅ የተቃረበ ሲሊንደር ከሰዓት በኋላ ደህና ነድዶ ንጋት ላይ የሚደክመው። ገላው ላይ ጤዛ ወይም አመዳይ ቢታይ ጋዙ እየተነነ ሙቀት ስለሚስብ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

አደገኛው ሰው ለዚህ ድካም የሚሰጠው መልስ ነው። አንዱ ሲሊንደሩን ያጋድመዋል፤ ሌላው ይነቀንቀዋል፤ ሌላው ፍም ያስጠጋለታል ወይም የፈላ ውኃ ያፈስበታል። የተጋደመ ሲሊንደር በጋዙ ፈንታ ፈሳሹን ወደ ሬጉሌተሩ ይልካል፤ ያ ፈሳሽ በጎማው አልፎ ምድጃው ላይ ሲደርስ እሳቱ ዘሎ ጣሪያ ይነካል። እሳት የተጠጋው ሲሊንደር ደግሞ ውስጡ ያለው ግፊት በፍጥነት ያድጋል። ሲሊንደር ሲሞላ ጥግ ድረስ የማይሞላውም፣ አምስተኛ እጅ ያህል ባዶ ቦታ የሚተውለትም፣ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት እንዲያገኝ ነው። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ንጋት ላይ አንዱን ራስ ብቻ ዝቅ አድርጎ መለኮስ፣ ሊያልቅ የተቃረበውን ለቀን ሥራ ማቆየት፣ ከተቻለም ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ ፀሐይ በምትወጣበት ግድግዳ በኩል አየር በሚያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርጎ ማቆም። ቤት ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ከምድጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ከመኝታ ቤትም ከጎድጓዳ ሥፍራም ይራቅ። የቡናው ከሰል፣ የዕጣኑ ማጨሻና መብራት ሲጠፋ የሚበራው ሻማም ወደ እሱ አይጠጉ።

ከሬጉሌተሩ እስከ ምድጃው ያለው ጎማ በቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ቶሎ የሚያረጅ ዕቃ ነው። በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በአይጥ ይበላል። በመንዝ ቤቶች የእህል ጎተራና ምድጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሆኑ አይጡ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማውን ማጠፍ፤ ተሰንጥቆ፣ አብጦ ወይም ጠንክሮ ከተገኘ መጣል። ብዙዎቹ አምራቾች ከአምስት ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ጎማው ላይ ታትሞ ይገኛል። የአትክልት ማጠጫ ወይም የመኪና ቤንዚን ጎማ የጋዝ ጎማ አይሆንም። ሁለቱም ጫፎች በፋሼታ ይጥበቁ እንጂ በሽቦና በላስቲክ አይታሰሩ። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ከተቆረጠች ያፈሳል፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ትቀየር።

የምድጃው ጽዳት ብዙ ሰው የሚያቃልለው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማጠብቀው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የነበልባሉን ቀለም የሚለውጠው እሱ ነው። ወጥ ገንፍሎ፣ ዘይት ተረጭቶ፣ በርበሬ ወድቆ የምድጃው ራስ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ቀዳዳው ሲደፈን ጋዙ ከአየር ጋር በወጉ አይቀላቀልም፤ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፤ ድስቱም ይጠቁራል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሩም ከተዘጋ በኋላ፣ የራሱን ክዳን አንሥቶ በሞቀ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ በጥርስ መፋቂያ እንጨት መክፈት፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም ክዳኑን በቦታው በትክክል መልሶ ማስቀመጥ። ታች ያለውን የአየር መግቢያ ቀዳዳም አቧራና የሸረሪት ድር ሊይዘው ስለሚችል በደረቅ ብሩሽ መጥረግ። ጅግለሯ ግን ለሽቦ አትሰጥ። ከጽዳቱ በኋላም ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ከራሱ እየተነሳ ቢንሳፈፍ፣ ወይም ጷ ብሎ ወደ ውስጥ ቢመለስ፣ ያ ምድጃ ባለሙያ ሳያየው አይለኮስ።

በየዕለቱ ሲለኮስ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሲሊንደሩ መክፈቻ ይዘጋ፤ በጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ ሲያልቅ የምድጃው ይዘጋ። ማታ ከመተኛት በፊት፣ ገበያ ከመሄድ በፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም በፊት ሲሊንደሩ ይዘጋ።

ክፉ ቀን ሲመጣ

ጋዝ ከሸተተ መብራት ማብራትም ማጥፋትም፣ ስልክ መነካካትም፣ ክብሪት መጫርም ክልክል ነው፤ የማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ብልጭታ ይበቃል። ቤት ውስጥ ፍም ካለ ሳይነኩት ሁሉም ወዲያው ከቤት ይውጣ። ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መበርገድ፣ ሕፃናትን ይዞ መውጣት፤ ስልክ መደወል ካስፈለገም ከርቀት ነው። በጎማው ላይ እሳት ከታየና እጅ መክፈቻው ላይ ሊደርስ ከቻለ በእርጥብ ጨርቅ ይዞ መዝጋት፤ ጋዙ ሲቆም እሳቱም ይቆማል። ሲሊንደሩ ራሱ በእሳት ከተከበበ ግን ምንም ዕቃ ለማዳን አይገባም፤ ጎረቤቱን ሁሉ አስነስቶ መራቅ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ ወደ እሳት አደጋ መከላከያው በ939 ይደውል። ዘይት በመጥበሻ ውስጥ ከተቀጣጠለ ውኃ አይረጭበት፤ ጋዙን ዘግቶ ክዳን መድፋት ብቻ ነው።

ለተቃጠለ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ውኃ ማቀዝቀዝ። በረዶ አይደረግበትም። ሕፃን ከሆነ ቁስሉ ሲቀዘቅዝ ሌላው ገላው በጋቢ ተሸፍኖ እንዲሞቅ ይሁን፤ በእኛ ብርድ ይህ መረሳት የለበትም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡናና እንቁላል ቁስሉን ያመረቅዛሉ፤ ሐኪሙም ሲያይ ይቸግረዋል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። በተዘጋ ቤት ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘ በሩን በርግዶ ወደ ደጅ ማውጣት ይቀድማል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ሕክምና፣ ቢነቃም እንኳ።

ይህን ሁሉ የሻይ ቤቷ እናት ብቻቸውን እንዲያውቁትና እንዲሸከሙት መጠበቅ ግን ፍትሕ አይደለም። ምድጃና ሲሊንደር ገዝቶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ባል ወይም ልጅ ነው፤ የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ በአይሱዙ ጭኖ ዳገቱን የሚያወጣው ሾፌር ነው። አደጋው ሲደርስ ግን ጓዳ ውስጥ የምትገኘው እሷ ናት። ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም የሳሙና አረፋ ፈተናን አላሳዩዋት ይሆናል። እዚህ ላይ ሕንድ የሠራችው ሥራ ይጠቀሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. «ኡጅዋላ» በተባለው መርሐ ግብር ለድኻ ቤተሰብ ሴቶች በስማቸው ጋዝ ማዳረስ ስትጀምር የሲሊንደሩን መያዣ ገንዘብ ብቻ ከፍላ አላበቃችም፤ ሬጉሌተሩና ጎማው፣ መትከያውም በጥቅሉ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ በዚያ መንገድ ጋዝ አግኝቷል። እኛ የሕንድን ያህል ገንዘብ የለን ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማ መርምሮ፣ አረፋ ቀብቶ ለማሳየት የመንግሥት በጀት አይጠበቅም።

ስለዚህ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ሲሊንደር የምትሸጡ ነጋዴዎች ሆይ፣ የሚቀጥለው ደንበኛችሁ ከሱቃችሁ ከመውጣቱ በፊት ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አውጡለት፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ታትሟልና ትርፉ የጋዙ ነው። ጎማውን አጥፋችሁ እዩለት፣ ያረጀ ከሆነ አትሽጡለት። እሱ እያየ የሳሙናውን አረፋ ጎማው ላይ ቀቡለት። ቤቱ የአየር ቀዳዳ እንዳለው ጠይቁት፤ ከሌለው መዶሻና መሮ ይዞ እንዲጀምር ንገሩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤቱ እንደምትጠይቁት ሁሉ ስለ ነበልባሉ ቀለም ጠይቁ። አንተም፣ አንቺም፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ እራት ከመጣዱ በፊት የጓዳውን ውታፍ ንቀሉት።